ዘይቱ መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የሰፈሬ ሰው ግን ዛሬም «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ልጅ ያተኮሰበት፣ የደም ግፊቱ የጨመረበት፣ የሐኪም ወረቀት ማንበብ ያቃተው ሁሉ በሬን ያንኳኳል። እኔም ደስ ይለኛል። ባለፈው ክረምት ግን «ሲስተር» መባሌ ያሳፈረኝ ሌሊት መጣ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ሌሊትና ከዚያ ወዲህ ስለተማርኩት ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ከእኔ ቤት ሦስተኛው ግቢ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ስሟን አልጽፍም። የሰባት ዓመት ልጇን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ይዞታል። ማታ ማታ ፊኖባርቢታል ይወስዳል። እንክብሉን በደንብ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይጥለውም፤ ትምህርት ቤትም ገብቷል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የባሏ ወንድም ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከላትን ትንሽ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሲስተር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ከተክል የተሠራ ዘይት ነው አሉኝ። እዚያ አገር ለሚጥል በሽታ ሐኪም ያዘዋል አሉ። ልጄን ከእንክብሉ ያሳርፍልኝ ይሆን?»

መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። ጠርሙሱን አገላበጥኩት፤ የቅጠል ሥዕል ይታየኛል። ጨዋታው ደርቷል፣ ቡናው ይቀዳል። «ከተክል ከሆነ እንኳ ብዙም አይጎዳውም ይሆናል» አልኳትና ወደ ሌላ ወሬ አለፍን።

እኔ «ይሆናል» አልኩ። እሷ የሰማችው «ሲስተር ፈቀደች» የሚለውን ነው። በዚያው ምሽት እንክብሉን አቁማ ጠብታውን ጀመረች።

በስድስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሬ ተደበደበ። ስደርስ ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ክብሪት እየጫረ ያሸተዋል፣ ሌላው እጁን ጨምድዶ ይዟል። ክብሪቱን አስጣልኩ፤ በጎኑ አስተኛሁት፤ ከራሱ ሥር ነጠላ አጥፌ አደረግኩና ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አልቆመም። በጎረቤት መኪና ይዘነው በረርን። ሆስፒታል ሲደርስ በመርፌ አቆሙለት። ተረኛው ሐኪም «ምን መድኃኒት ነው የሚወስደው? አቋርጧል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እናቲቱ ዞራ እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየቷን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። እንክብሉንም ቀጠለ። እኔ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ነጭ ልብስ ለብሼ የሠራሁ ሴት፣ ሲሉ ሰምታ ታንቃ እንደሞተችው ዶሮ መሆኔ አንገበገበኝ።

ሁለት ጠርሙሶች

በማግስቱ መነጽሬን አድርጌ የጠርሙሱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበብኩ። «ካናቢዲዮል» ይላል። ከካናቢስ ተክል የሚገኝ ነገር ነው። ካናቢስ ስንባል የሚታወሰን ፖሊስ በጭነት መኪና ውስጥ ተደብቆ ያዘው የሚባለው ሐሺሽ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ማታ ሜሪላንድ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ደወልኩላት። እዚያ ፋርማሲስት ሆና ትሠራለች።

«አክስቴ፣ እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አለ» አለችኝ። «አንደኛው ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ከማስቲካ ጎን የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው እኔ ከመደርደሪያ አውርጄ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የምሰጠው ነው። ሁለቱም ላይ ካናቢዲዮል የሚል ተጽፏል። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ያ ልዩነት ምን እንደሆነ ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። መልሱ በአንድ ቃል ፈቃድ ነው። ፈቃድ ስል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ወረቀት ብቻ ማለቴ አይደለም። ዘሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ጀምሮ ጠብታው ልጁ አፍ እስኪገባ ድረስ በየደረጃው ተጠያቂ የሚሆን ሰው መኖሩን ማለቴ ነው።

ይህን ነርስ የሆነ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በእኛ ጊዜ በየዋርዱ ሁለት ቁልፍ ያለው የናርኮቲክ ሳጥን ነበር። ሞርፊንና ፔቲዲን እዚያ ይቀመጣሉ። ተረኛ ስንቀያየር አምፑሎቹን ቆጥረን፣ መዝገቡ ላይ ሁለታችንም ፈርመን እንረካከባለን። አንድ አምፑል ከእጅ ወድቃ ብትሰበር ስብርባሪዋን ለቅመን በምስክር እናስመዘግባለን። ያኔ ይህ ሁሉ ጣጣ ያሰለቸኝ ነበር። ለካስ መድኃኒትን መድኃኒት የሚያደርገው ግማሹ ነገር ያ መዝገብ ኖሯል።

ዘሩ ከመዘራቱ በፊት

የካናቢስ ነገር የሚጀምረው ከዓለም አቀፍ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1961 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ካናቢስን ለሕክምናና ለሳይንስ መጠቀም አልከለከለም። አንድ አገር ተክሉን ለዚህ ዓላማ ላልማ ካለ ግን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሰየም አለበት። ያ መሥሪያ ቤት ማን እንደሚያለማ፣ የት ቦታ እንደሚያለማና በምን ያህል መሬት ላይ እንደሚያለማ በፈቃድ ይወስናል።

ፈቃድ የሚባለው ነገር ሳይንቲስቶችንም አይምርም። እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል መሹላም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናቢስን ሊመረምር ፈልጎ ከፖሊስ አምስት ኪሎ ሐሺሽ ተቀበለና በቦርሳ ይዞ በሕዝብ አውቶቡስ ወደ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ሄደ። ተሳፋሪው የምን ሽታ ነው ይል እንደነበር ራሱ ሲያወራ ኖሯል። በኋላ ሲጣራ ለካ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ያለው ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ነበር፤ ሰጪው ፖሊስም ተቀባዩ ሳይንቲስትም ሕግ ጥሰው ተገኙ። መሹላም ይቅርታ ጠይቆ ነገሩ በሰላም አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከባልደረባው ከየኺኤል ጋኦኒ ጋር ሆኖ በካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለውን፣ ለይቶ አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቲኤችሲ የሚያሰክረው ነው። ካናቢዲዮል ወይም ሲቢዲ የሚባለው ደግሞ አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ1980 መሹላምና የብራዚል ሐኪሞች ካናቢዲዮልን በጥቂት የሚጥል በሽታ ሕሙማን ላይ ሞከሩት። መድኃኒቱን ከወሰዱት ስምንት ሰዎች አራቱ ከሞላ ጎደል መጣሉ ቆመላቸው። ተስፋ ነው፤ ነገር ግን በስምንት ሰው የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ።

ወደ መድኃኒትነት ያደረሰው ጂደብልዩ ፋርማሲዩቲካልስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም በመጀመሪያ የጠየቀው ካናቢስ የማልማትና የመያዝ ፈቃድ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ተክሉ የሚያድገው በተዘጋ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው። ኖርፎክ በተባለ ግዛት ቀድሞ ቲማቲም ይመረትበት የነበረ 18 ሄክታር የመስታወት ቤት ለዚህ ኩባንያ ሥራ ዞሯል። የቲማቲሙ ቦታ ለካናቢስ ሲሆን አጥሩም፣ ጥበቃውም፣ መዝገቡም ሌላ ይሆናል።

516 ሕሙማን

ማልማቱ ገና በር መክፈቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የማምረት ፈቃድ ነው። ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ድረስ ሄደው ንጽሕናውን፣ መሣሪያውን፣ የሠራተኛውን ሥልጠና ያያሉ። እያንዳንዱ ምርት የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ዛሬ የተመረተው ጠርሙስና ከስድስት ወር በኋላ የሚመረተው ጠርሙስ በውስጣቸው ያለው መጠን አንድ ዓይነት መሆኑን ኩባንያው ማሳየት አለበት። ተክል ደግሞ እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ ይለያያል፤ የእኛ ጤፍ እንኳ ከአዳ እና ከሌላው አገር ይለያይ የለ? ስለዚህ ከተክል ተነስቶ በየጠርሙሱ እኩል መጠን ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው፤ በሰው ላይ የሚደረግ ምርመራ። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው የካናቢዲዮል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ከመፈቀዱ በፊት በሦስት ጥናቶች በ516 ሕሙማን ላይ ተፈትኗል። ከፊሎቹ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ማስመሰያውን ወሰዱ፤ ሐኪሙም ታማሚውም የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ድራቬ የሚባለው ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ባለባቸው 120 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በወር 12.4 ጊዜ ይመጣ የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ 5.9 ወረደ። ማስመሰያውን በወሰዱት ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነው የወረደው።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። እነዚህ ልጆች መድኃኒቱ የተሰጣቸው በፊት ይወስዱት ከነበረው መድኃኒት ላይ ተጨምሮ ነው። የቀድሞውን አስጥሎ አይደለም። እኔ ቡና ላይ ማወቅ የነበረብኝ፣ ያላወቅኩትም ይህንን ነው።

ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፒዲዮሌክስን እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2018 ፈቀደ። የፈቀደው ለማንኛውም የሚጥል በሽታ አልነበረም፤ ድራቬ እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ሁለት ከባድና ብዙ ጊዜ በሌላ መድኃኒት ለማይመለሱ ዓይነቶች ብቻ ነበር። በ2020 ሦስተኛ ሕመም፣ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ፣ ተጨመረ።

ይህም ሆኖ መድኃኒቱ በነጋታው ፋርማሲ አልደረሰም። አሜሪካ ውስጥ ከካናቢስ ጋር ለሚሠራ ኩባንያ ሌላ በርም አለ፤ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር አስተዳደር። ካናቢዲዮል ያኔ ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር፣ በጥብቁ መደብ ውስጥ ነበር። ጥናቱን ያካሄዱ ሐኪሞች ሁሉ በዚያ መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ መድኃኒቱን ቆልፈው ማስቀመጥ፣ መዝገብ መያዝ ነበረባቸው። መሥሪያ ቤቱ በመስከረም 2018 ኤፒዲዮሌክስን ወደ ላላው መደብ አዛወረው፤ መሸጥ የተጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። በ2020 ደግሞ ከዝርዝሩ ጨርሶ ወጣ። በታኅሣሥ 2022 የወጣ አዲስ ሕግ ከካናቢስ መድኃኒት ለሚመራመሩና ኤፍዲኤ የፈቀደውን መድኃኒት ለሚያመርቱ የምዝገባ መንገድ አበጅቷል። መንገዱ አጠረ እንጂ በሩ አልተነሳም።

ፈቃዱ ከወጣ በኋላም

የእህቴ ልጅ ከሁሉ በላይ ያስገረመችኝ ስለ ጉበት ስትነግረኝ ነው። ኤፒዲዮሌክስ ጉበትን ሊያውክ ይችላል። በተለይ ቫልፕሮት ከሚባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረግለታል፤ ከዚያም በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይደገማል። እንቅልፍ ያበዛል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ይህ ሁሉ የታወቀው 516ቱ ሕሙማን ስለተመዘገቡና ስለተመረመሩ ነው።

የሱቁ ጠርሙስስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የካናቢዲዮል ምርቶችን ገዝቶ ላቦራቶሪ አስገባ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን በትክክል የያዙት 26ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኘ። ለልጁ ጤና አደጋ ነው። ይዞ ለሚጓዘው መንገደኛም ሌላ አደጋ ነው፤ የእኛም የወንጀል ሕግ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉምሩክም እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አያዩትም።

ያቺ የጎረቤቴ ጠርሙስ ላይ 30 ሚሊ ሊትር፣ 300 ሚሊግራም ይላል። እውነት ነው ብንል እንኳ እናስላው። የኤፒዲዮሌክስ መነሻ መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 2.5 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ልጁ 20 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ገና ለመነሻ በቀን 100 ሚሊግራም ይሆናል። ከሳምንት በኋላ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ጠርሙሷ በሙሉ በመነሻው መጠን ሦስት ቀን፣ በእጥፉ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ነው የምትበቃው። እናቲቱ የምትሰጠው ማታ ማታ አምስት ጠብታ ነበር፤ ወደ ሁለት ሚሊግራም ተኩል ገደማ። በሌላ አነጋገር የልጁን መድኃኒት አስጥላ በቦታው ምንም አልሰጠችውም ማለት ይቻላል። ስሌቱን የጻፍኩት ማንም ቤቱ ሆኖ እንዲለካ አይደለም፤ ተስፋና መጠን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

«ታዲያ ያ ፈቃድ ያለውን ለምን አናስመጣም?» ትሉኝ ይሆናል። እናቲቱም ጠይቃኛለች። መጀመሪያ የልጁ በሽታ የተፈቀደለት ዓይነት አይደለም። ሁለተኛ ዋጋው ነው። ኤፒዲዮሌክስ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ሲወጣ የአንድ ዓመቱ ዋጋ በአማካይ 32,500 ዶላር ተብሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሚጥል በሽታን በዓመት በአምስት ዶላር ገደማ መድኃኒት ማከም እንደሚቻል፣ በትክክል ከታከሙም ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። ያ ርካሽ መድኃኒት ደግሞ ልጁ በየማታው ሲወስደው የነበረው ፊኖባርቢታል ነው። እጃችን ላይ ያለውን ስለለመድነው ናቅነው።

በአገራችንም መድኃኒት ዝም ብሎ አይገባም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስመጪውንም አምራቹንም በፈቃድ ይዟል፤ መድኃኒቱም መመዝገብ አለበት። በሻንጣ የሚመጣው ግን በዚያ በር አያልፍም። በፍቅር ነው የሚመጣው። የልጁ አጎት ክፉ አላሰበም፤ በብርድ ሌሊት ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ለወንድሙ ልጅ የሚበጅ የመሰለውን ገዝቶ ላከ። ስልክ ደውዬ ነገሩን ስነግረው አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሐኪም ቀስ በቀስ ካላስጣለ በቀር በአንድ ጀምበር አይቆምም፤ ድንገት ማቆም በሽታውን አባብሶ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጠበል ለሚወስድም ቢሆን እንክብሉን ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሰው ሲወድቅ ክብሪት አይጫር፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይግባ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ ጠርሙስ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህን የሰጠኝ በሐኪም ማዘዣ ነው ወይስ በገንዘብ ብቻ?» በገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ገንዘብ ልጁ የነርቭ ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትን ላኩለት።

የሙያ ጓደኞቼንም አልረሳም። ጡረታ ስንወጣ ሳጥኑንና መዝገቡን አስረክበናል፤ ቃላችንን ግን ሰው አሁንም እንደ ማዘዣ ይቀበለዋል። ያላወቅነውን «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» ብንል ክብራችን አይቀንስም።

ልጁ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል። የባሏ ወንድም በየሦስት ወሩ ለክትትል የሚሆን ገንዘብ ይልካል፤ የነርቭ ሐኪሙም መጠኑን እንደ ክብደቱ አስተካክሎለታል። እናቲቱ ከእኔ ጋር ለጥቂት ሳምንት ተኳርፋ ነበር። ደጇ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ልጁ በአጥሩ በኩል «ሲስተር፣ ዋጥኩ!» እያለ ይጮህልኛል። እኔም ደብተር ይዤ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለት ፊርማ ነው፤ የእሱና የእኔ።